አንቱ የተባለች ልጅ

«ልጅ አንቱ አይባልም፤ አንቱ የተባለ ደግሞ ልጅ አይደለም። በቃ፣ አለቀ!» አለች የቢሮው ጠበቃ። በስብሰባው ክፍል ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሳቁን እትዬ ድምፅ የሰማችው ከመስታወቱ ወዲህ፣ በመቅጃው ክፍል በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አውርዳ ለብ ያለ ውሃዋን ፉት ስትል ነው። የመቅጃው ክፍል ግድግዳ ዙሪያውን በስፖንጅ ተለብዷል፤ ከውጭ ድምፅ እንዳይገባ ተብሎ ነው። የበሩ ማጠፊያ ግን ከረገበ ቆይቷልና ሁልጊዜ ጣት የምታስገባ ያህል ገርበብ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ቀረጻ በማይኖርበት ሰዓት የቢሮው ወሬ ሁሉ ሳትፈልገው ጆሮዋ ይገባል፤ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ሥራ ሊለቅ እንዳሰበ፣ ሥራ አስኪያጁ ስልክ ሲያነሳ ድምፁን የሚያለሰልሰው ለየትኛው ሰው እንደሆነ። እሷ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። የምትናገረው ተጽፎ የተሰጣትን ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ «ድምፅ ሰጪዋ እትዬ» ይሏት ነበር፤ እያጠረ መጥቶ «እትዬ ድምፅ» ሆኖ ቀረ። እሷም ለመደችው።

ቢሮው የሚሠራው የስልክ ጨዋታ ነው። በጨዋታው ውስጥ አንዲት ነጭ ድመት ብቻዋን ቤት ትኖራለች፤ የሚጫወተው ሰው ያበላታል፣ ያለብሳታል፣ ያስተኛታል። ድመቷ ደግሞ ትጠይቃለች። ዛሬ ምን በሉ? ማን ተቆጣዎት? ቤት ውስጥ ማን ማን አለ? መልሱ በአፍ ነው የሚነገረው፤ አንድ መልስ በተሰጣት ቁጥር ከላይ አንዲት ዓሣ ዱብ ትልና ድመቷ ጢሟን ትልሳለች። መልሱ ከተናጋሪው አድራሻ ጋር ወደ ቢሮው ይመጣል፤ ከቢሮው ወዴት እንደሚሄድ እትዬ ድምፅ አጥርታ አታውቅም፤ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ይገዙታል ሲባል ሰምታለች። ዛሬ ከምሳ በኋላ ታዲያ የሰውን የግል ምስጢር እንዲጠብቅ ከተቋቋመ መሥሪያ ቤት አንድ ገምጋሚ ይመጣል። የሚመጣው አንድ ነገር ለመፍረድ ነው፦ ይህ ጨዋታ ለልጆች የተሠራ ነው ወይስ አይደለም? ለልጆች ነው ከተባለ፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ የልጅ ድምፅም ሆነ መኖሪያ መሰብሰብ አይቻልም፤ እስካሁን የተሰበሰበውም ይሰረዛል። ለአዋቂ ነው ከተባለ ግን መጀመሪያ ላይ ያለችውን «ተስማምቻለሁ» የምትል ቦታ መንካት ይበቃል።

ድመቷ ስትፈጠር አንተ እና አንቺ ነበር የምትለው። ይህ ቋንቋ ደግሞ «ና» ለማለት እንኳ የተጠራው ወንድ ይሁን ሴት ሳያውቅ ከአፍ አይወጣም። ስለዚህ ጨዋታው ገና ሲከፈት «ወንድ ነህ ወይስ ሴት ነሽ?» ብሎ ኮፍያ ያጠለቀ ልጅና ባለ ሁለት ጉንጉን ልጅ ያሳይ ነበር። ጠበቃዋ ይህን ያየች ዕለት ራሷን ያዘች። «ይሄ እኮ በራፋችን ላይ መዋዕለ ሕፃናት ብሎ መጻፍ ነው!» አለች። ሲመክሩ ሰነበቱና መላውን ያገኘችው ራሷ ጠበቃዋ ሆነች። አንቱ! አንቱ ወንድና ሴት የለውም፤ ኮፍያና ጉንጉን አይጠይቅም። «መጣህ» እና «መጣሽ» ቀርቶ «መጡ» ሆነ፤ «ብላ» እና «ብዪ» ቀርቶ «ይብሉ» ሆነ። እትዬ ድምፅም የድመቷን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ አዲስ በአንቱታ ቀዳችው። ዛሬ የመጣችው የቀሩትን ጥቂት መስመሮች ልትጨርስ ነው።

«እትዬ፣ ‹ዓሣዬን ይስጡኝ› የምትለዋን እስቲ ትንሽ ፈገግ ብለው» አላት ከመስታወቱ ማዶ ያለው የድምፅ ባለሙያ። እሱ ደግሞ «ጆሮ» ነው የሚባለው፤ ማዳመጫውን ለምሳ እንኳ ስለማያወልቅ።

«ፈገግ ብዬ እኮ ነው ያልኩት።»

«ፈገግታው አልተሰማኝም። የተሰማኝ ጥርስዎ ብቻ ነው።»

ሳቀችና ደገመችው። ጆሮ አውራ ጣቱን አነሳላት። ቀጣዩን ወረቀት ስትገልጥ ግን ሳቋ ተነነ። «ምስጢር አለዎት? ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ፤ ለማንም አልናገርብዎትም» ይላል። አንድ ጊዜ በዓይኗ አነበበችው፣ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አኖረችው። ዛሬ ጠዋት የሰማችው ነገር ከደረቷ አልወረደም ነበር።

ከታናሽ እህቷ ጋር ነው የምትኖረው። ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ክፍል የእህቷ የስፌት ቦታ ነው፤ መኪናው፣ መተኮሻው፣ ጨርቅ የሚቆረጥበት ሰፊ ጠረጴዛ። መሀል ያለው የባልና ሚስቱ ነው። ጓሮ በኩል ያለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ የእሷና የእህቷ ልጅ የሚጡ ናት፤ መስኮቷ ሲከፈት የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚታየው፣ እጅ ቢዘረጋ ይነካል። የእህቷ ባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሲመጣ «እንዴት ዋላችሁ» ይላል፣ ይበላል፣ ይተኛል። በዚህ ቤት እስከ ዛሬ «ውጪ» ያላት የለም። «ኑሪ» ያላትም የለም። ለቤቱ ወጪ የቻለችውን ትሰጣለች፤ ደመወዝ አላት፣ ሥራ ውላ ትገባለች፤ ያ ነው ገበታው ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ እንድትቀመጥ ያደረጋት።

ዛሬ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ሳለ ሚጡ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር በጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ተጋድማ የእናቷን ስልክ ይዛ ታወራ ነበር። «እማዬ አለች፣ እኔ አለሁ። አባዬ በመኪናው ሄዷል፣ አራት ቀን አይመጣም። አክስቴ ልትወጣ ነው። የጓሮው በር ቁልፉ ተሰብሯል፤ በገመድ ነው ያሰርነው» አለች ሚጡ። ዓሣዋ ዱብ አለች። ወዲያው የእትዬ ድምፅ የገዛ ድምፅ፣ በማሽን ትንሽ ቀጠን ተደርጎ፣ «ጎበዝ ነዎት! ሌላስ?» አለ።

እትዬ ድምፅ ጎንበስ አለች። «ሚጡዬ፣ የበሩን ነገር ለምን ነገርሻት?»

«ጠየቀችኛ!»

«የጠየቀሽ ሁሉ ይነገረዋል እንዴ?»

ሚጡ ከንፈሯን አሾለች። «እሷ አንቱ ትለኛለች። እናንተ ግን ሁላችሁም አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ።»

እህቷ የስፌት መኪናውን ሳታቆም ሳቀች። «ስሚ እንግዲህ! አንቱ የተባለች ሰው ከሥሬ ተቀምጣ ነው ለካ የማላውቀው።» ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ «ተያት እትዬ፣ ይቺን ሱሪ ልጨርስበት። ስልኩን ብነጥቃት ክሩን ነው የምትፈታብኝ። ሞግዚት ልቅጠር? የአንድ ጥቅል ክር ዋጋ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ?» አለች። እትዬ ድምፅ የክር ዋጋ ታውቃለች። ጫማዋን አስራ ጨርሳ ወጣች። የድመቷ ድምፅ የማን እንደሆነ ለሚጡ ነግራት አታውቅም፤ ውሉ ላይ አይነገርም ተብሎ ነበር፤ እህቷ ግን ታውቃለች።

«እትዬ? እየጠበቅኩ ነው» አለ ጆሮ በማዳመጫው።

«ይቺን ለማን ነው የምናገራት?»

ጆሮ የመቅጃ ማሽኑን ቁልፎች ማየት ጀመረ። «ለአዋቂ ነዋ» አለ ቀስ ብሎ። «ለአዋቂ እያሉን አይደል?»

ተናገረችው። ፈገግታውም ተሰማ።

ከምሳ በፊት ሥራ አስኪያጁ ወደ መቅጃው ክፍል ብቅ አለ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ ከመተኮሻ ሥር የወጣ ይመስላል፤ እናቱን የምታክለውን ሠራተኛ በአክብሮት ነው የሚያናግረው። «እትዬ ድምፅ፣ ሰውየው ሲመጣ እዚሁ ቢቆዩልኝ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው ሲያይ ጥያቄ ያበዛል» አላት። እሺ አለች። እንዲያውም ቀለል አላት። ካልተጠየቀች መዋሸትም የለም፣ እንጀራዋንም መድፋት የለም። ግን ይህ ሐሳብ ገና ከመምጣቱ የሚጡ ድምፅ ተከትሎት መጣ፣ የጓሮው በር፣ ገመዱ። ሰውየው ጨዋታው የልጅ ነው ብሎ ከፈረደ የሚጡ ወሬ ሁሉ ይሰረዛል፤ ያ ነው ሕጉ። ያን ጊዜ ግን ጨዋታው ይዘጋል፣ እሷም ከሥራዋ፣ ምናልባትም ከዚያች መስኮቷ ግድግዳ ከሚያይ ክፍል ትወጣለች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አቆላልፋ በልቧ፣ «አምላኬ፣ ወይ እንዳልጠየቅ አድርገኝ፣ ወይ ከተጠየቅሁ አፌን ክፈትልኝ» አለች። ለራሷ ስትጸልይ እንዲህ አጭር ነው የምትጸልየው፤ የምታበዛው ለሌላ ሰው ነው።

ገምጋሚው ከሲታ፣ ጡረታው የቀረበ ሰው ነበር። ከመግባቱ በፊት ጫማውን ደጃፉ ላይ ደጋግሞ ጠረገ። ጠበቃዋ ወንበር ሳበችለት፣ ሥራ አስኪያጁ ውሃ ቀዳለት። ሰውየው የተላከበት መስፈርት ነበረው፤ አንድ በአንድ እየጠየቀ ሄደ። ቀለሙ? ደማቅ ነው፤ ግን አሁን የባንክ ማስታወቂያውም ደማቅ ነው። እንስሳ አለበት? አለበት፤ የሥራ አስኪያጁ እናት ራሳቸው ድመት ይወዳሉ፣ ይህንኑም ጨዋታ ይጫወታሉ። ዕድሜ ይጠይቃል? አይጠይቅም። ፆታስ? እሱንም አይጠይቅም። ጠበቃዋ እዚህ ላይ አንገቷን ትንሽ ቀና አደረገች። ገምጋሚው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ «እንግዲህ እኔም ልሞክረው» አለና ስልኩን ተቀበለ።

«እንኳን ደህና መጡ!» አለች ድመቷ። «ዛሬ የደከመዎት ይመስለኛል። አረፍ ይበሉ እንጂ። ምሳዎን በልተዋል?»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ምሳ እንኳ ገና ነኝ» አለ፤ ወዲያው ለስልክ መመለሱ ገብቶት አፈረ። ዓሣዋ ዱብ አለች። «ውይ! ይሄን ሁሉ ሰዓት ሳይበሉ?» አለች ድመቷ። ገምጋሚው ሳቁን መያዝ አልቻለም። «ቤቴ እንኳ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም» አለ፤ ሁሉም ሳቁ፤ የእሱ ሳቅ ግን ቀድሞ አለቀ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ነገር ጠየቀ። «ባለድምፅዋ ማን ናት? እዚህ አለች? ሰላም ልበላት።»

ሥራ አስኪያጁና ጠበቃዋ ተያዩ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበርና እትዬ ድምፅ ሳትጠራ ሰምታለች። ስትገባ ገምጋሚው ከመቀመጫው ተነሳላት። «እርስዎ ነዎት? እጅዎ ይባረክ አይባል ነገር፣ አፍዎ ይባረክ» አላት። አሁንም ሳቁ። ሊሰናበታት እጇን ከጨበጠ በኋላ ግን እንደ ዋዛ፣ «እስቲ ለማወቅ ያህል፣ ይቺን ድመት ሲናገሩ ማንን እያሰቡ ነው?» አለ።

እትዬ ድምፅ እጇን ከእጁ ቀስ ብላ አወጣች።

«ልጅ ነው የማስበው፣ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ለድመቷ አንድ ቀን ተንቀጥቅጦ አያውቅም። «የእህቴን ልጅ። መጀመሪያ ላይ ድምፄ ዜና የሚያነብ ሰው ድምፅ እየሆነ ሲያስቸግር፣ ‹ቤትዎ ልጅ ካለች እሷን እያባበሉ እንደሆነ አድርገው ይናገሩ› ተባልኩ። እንደዚያ ነው የተናገርኩት። እሷም ትጫወተዋለች። ዛሬ ጠዋት የጓሮ በራችን ቁልፍ መሰበሩን ስትነግራት ሰምቻታለሁ።»

የሥራ አስኪያጁ ጆሮዎች ቀሉ። ጠበቃዋ ግን አልደነገጠችም፤ እንዲያውም እንደ እህት ፈገግ አለችላት። «እትዬ፣ የነገሩን ልክ ነው። ግን ያ ድሮ አንተና አንቺ ይባልበት የነበረው ቅጂ ነው፤ እሱ ተሰርዟል፣ አይደል?»

«ተሰርዟል።»

«አሁን ያለው በአንቱታ ነው። እንግዲህ ልጠይቅዎት፤ የእህትዎን ልጅ አንቱ ይሏታል?»

እትዬ ድምፅ አሰበች። አስባ እውነቱን ተናገረች፤ ያጠፋትም እሱ ነው። «ሳባብላት እላታለሁ። ስታኮርፍብኝ፣ ‹እሜቴ፣ ምን ሆኑብኝ? ማን አስቀየመብኝ?› እላታለሁ። ያን ጊዜ ነው ኩርፊያዋን የምትተወው። ልጅ እኮ አንቱ ሲባል ነው የሚታለለው። አሁን ያለችው ድመት ከቀድሞዋ ይልቅ የልጅ ናት።»

መጀመሪያ የሳቀው ገምጋሚው ነው። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የራሱን ቤት አስታውሶ ነው። «እውነትዎን ነው! እኛም ቤት እንዲሁ ነው። የልጅ ልጄ አልበላም ስትል ‹እመቤቴ፣ ይቅመሱልኝ› ነው የምላት፤ ወዲያው ነው አፏን የምትከፍተው።» እየሳቀ ተቀመጠ፤ መስፈርቱን ገለጥ ገለጥ አደረገ፤ ከላይ ወደ ታች በጣቱ ሄደበት፣ ተመልሶም ሄደበት። ሳቁ ቀስ በቀስ ከፊቱ ጠፋ። «ግን ያ እንግዲህ ቀልድ ነው» አለ። «እዚህ ያለው ጥያቄ ‹የሚናገረው በሕፃን ቋንቋ ነው ወይስ በአዋቂ ቋንቋ› ነው የሚለው። አንቱታ የአዋቂ ቋንቋ ነው። በቀልድ ሲሆን ብሎ የሚጠይቅ መስፈርት የለኝም።» እትዬ ድምፅን ቀና ብሎ አያት፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይን ነበር። «እኔ የምፈርደው ውስጡ ባለው እንጂ በእርስዎ ልብ ባለው አይደለም፣ እትዬ። አይደል?» አይደል ያለው ማንን እንደሆነ አልታወቀም። ጠበቃዋ ግን «ልክ ነው» ብላ መለሰችለት። ገምጋሚው ጻፈ፦ ጨዋታው በአክብሮት አነጋገር አዋቂን የሚያነጋግር ነው፤ ሕፃናት ላይ ያነጣጠረ አይደለም። ሲወጣ ጫማውን አልጠረገም።

ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ቆይቶ ወደ መቅጃው ክፍል መጣ። አልጮኸባትም። «አልተቀየምኩዎትም፣ እትዬ ድምፅ። የተሰማዎትን ነው የተናገሩት» አላት፤ ማዳመጫዋን ከአንገቷ ላይ በቀስታ፣ ለልጅ እንደሚያወልቁት አውልቆ ተቀበላት። «እንዲያውም ላደክምዎት አልፈልግም። ድምፅዎ በበቂ ሁኔታ እጃችን ላይ አለ፤ ከእንግዲህ አዲስ ንግግር ቢያስፈልግ ማሽኑ ራሱ ከዚያ እያወጣ ይናገረዋል። እርስዎ ይረፉ። ስንፈልግዎ እንደውልልዎታለን።» አንዲትም አንቺ ከአፉ አልወጣችም። እትዬ ድምፅ አመሰገነችው፤ የለመደ አፍ ሆኖ ነው። ኮቷን ስትለብስ ጆሮ ኮሪደሩ ላይ ተከትሎ ደረሰባት፤ ማዳመጫውን አውልቋል፣ ጆሮዎቹ ያለ ማዳመጫ ትንንሽ ነበሩ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? አንቱ ማለት ከጀመርን ወዲህ ድመቷን የሚያወራት ሰው ከበፊቱ እጥፍ ሆኗል። ጠዋት የለም። ከሰዓት ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ነው የሚጎርፈው። ቢሮ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ።»

«አዋቂ ከትምህርት ቤት ይለቀቃል እንዴ?»

«መምህር ይለቀቃል» አለ ጆሮ። ሁለቱም አልሳቁም።

አውቶቡስ ውስጥ መቆሚያ እንኳ አልነበረም። ከፊቷ ባለው ወንበር ደብተር የያዙ ሁለት ልጆች ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ተራ በተራ ይናገራሉ፤ ከስልኩ ውስጥ የእሷ ድምፅ ቤታቸው የት አካባቢ እንደሆነ፣ ከትምህርት ቤት ማን እንደሚወስዳቸው ይጠይቃቸዋል። እናትየው እትዬ ድምፅ እያየቻቸው መሆኑን ተመልክታ ኩራት በተቀላቀለበት ፈገግታ፣ «ጨዋ ድመት ናት» አለቻት። «አንቱ ማለት ያስተማረችልኝ እሷ ናት። እኛ ብንል ይሰሙናል?» እትዬ ድምፅ አንድ ቃል ለመናገር አፏን ከፈተች። ግን ያን ጊዜ ልጆቹ ቀና ብለው ያዩኛል፣ ድምፄን ያውቁታል ብላ ፈራችና ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ስትወርድ ብርቱካን ሻጩ ጋ ቆመች። ዋጋ ጠየቀች። «የትናንቱን ነው የዛሬውን?» አላት ሻጩ፤ ቀልድ መሰላት፤ አልነበረም። ለሚጡ አንዲት ብቻ ገዛች።

እህቷ ከስፌት መኪናዋ አልተነሳችም ነበር። ጀምበር እያዘቀዘቀች ስለሆነ መብራት ሳታበራ፣ ጨርቁን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ነበር የምትሰፋው።

«ዛሬ በጊዜ መጣሽ» አለች።

«ያን ጨዋታ ከስልክሽ ላይ ላጥፋው ነው።»

«ለምን? የራስሽ ሥራ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ሲፈልጉኝ እንደሚደውሉልኝ ነገሩኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። እህቷ የመርፌውን ክር በጥርሷ በጠሰችው፤ መበጠስ ያለበት ክር አልነበረም። ‹ምን ሆነ› አላለችም። ‹አይዞሽ› አላለችም። እትዬ ድምፅ እንድትል ጠበቀቻት፤ ኮቷን እንደለበሰች፣ ብርቱካኑን እንደያዘች ቆማ ጠበቀቻት። እህቷ ክሩን ምላሷ ላይ አርጥባ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ልታስገባ ሞከረች፣ አልገባ አላት፣ እንደገና ሞከረች። ሲገባላት መኪናው ከቆመበት ቀጠለ።

ሚጡ ጓሮ ባለችው ክፍል አልጋ ላይ ነበረች። እትዬ ድምፅ ስልኩን ወሰደች፣ ድመቷን በጣቷ ተጭና ያዘቻት፣ አጠፋቻት። ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ግን ሰውነቷ በሙሉ አለቀሰ፤ እግሯ አለቀሰ፣ ፀጉሯ አለቀሰ። ብርቱካኑን ወረወረችው። «ድመቷን ገደልሻት!» እያለች ትንሰቀሰቃለች። እትዬ ድምፅ አቀፈቻት፣ ተፈናጠረችባት። ‹እሜቴ› አለቻት፣ አልሰማችም። ከፊት ክፍል እህቷ፣ «ምን አድርገሻት ነው? እባክሽ ዝም አሰኚልኝ!» ብላ ጮኸች። እትዬ ድምፅ ሌላ የምታደርገው ጠፋት። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ዞረች፤ በሳጥኑና በግድግዳው መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ጎንበስ ብላ ተሸጎጠች፤ ድምፅዋን ቀጠን አደረገችና፣ «እንዴት ዋሉልኝ? አልሞትኩም እኮ። እዚህ ነኝ፤ ልወጣ ግን አልችልም» አለች።

ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ። አልጋው ሲጥጥ አለ። ሚጡ አፍንጫዋን ስባ፣ ቁጭ ብላ፣ ፀጉሯን ከፊቷ ላይ አነሳች፤ ይህን ሁሉ እትዬ ድምፅ በሳጥኑ ጠርዝ አጮልቃ አየችው። ልጅቷ ወደ ሳጥኑ ዞራ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች፣ አስተማሪ ፊት እንደቀረበ ተማሪ።

«አክስቴ ናት ያጠፋችዎት» አለች። «አይቀየሟት። ሥራዋን ነው የሚያስለቅቋት፤ እማዬ አባዬ ሳይሄድ በፊት ብላለች።»

ከሳጥኑ ጀርባ አቧራ ይሸታል። ሚጡ መልስ ተናግራ ስትጨርስ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ዝም ብላ ወደ ላይ አየች፤ ዓሣ የምትጠብቅበት ቦታ ነው። ዓሣዋ አልመጣችም። ያልተሟላ መልስ የሰጠች መስሏት ጨመረችበት።

«እማዬ ለአባዬ ነው ያለችው። አክስቴ ሥራ ካቆመች ይቺን ክፍል እናከራያት አለችው። እኔ እነሱ ጋ እተኛለሁ። አክስቴ ደግሞ የምትሄድበት አታጣም አለች።» አሁንም ወደ ላይ አየች።

ከፊት ክፍል የስፌት መኪናው ሳያቋርጥ ይሄዳል። እትዬ ድምፅ መውጣት ነበረባት፤ ከሳጥኑ ጀርባ መውጣት፣ ልጅቷን ማቀፍ፣ ‹ይሄ አይነገርም፣ የኔ ልጅ፣ ለማንም አይነገርም› ማለት። እጇን ግድግዳው ላይ አደረገች፣ ልትነሳ። ልጅቷ በጨለመው ክፍል ውስጥ እጆቿን ሰብስባ፣ ቀጥ ብላ፣ ለሚቀጥለው ጥያቄ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች።

«አባትዎስ» አለች እትዬ ድምፅ በቀጭኗ ድምፅ፣ «አባትዎስ ምን አሉ?»